ድመቷ የት ታድራለች? አለርጂ ላለበት ቤት እንስሳ ስለመምረጥ

ደብረ ብርሃን ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲያልፍ ብርዱ ከግድግዳው መውጣት ይጀምራል። ሰው ጋቢውን ይከናነባል። ድመቷም ቦታዋን ታውቃለች፤ ጋቢው ጭን ላይ የሚታጠፍበት ጋ ሄዳ ትጠቀለላለች። እዚያው ራሷን ትልሳለች፣ እዚያው ታንቀላፋለች። ማታ ያው ጋቢ አልጋ ላይ ይወጣል፤ ከብርድ ልብሱ በላይ ይደረብና ጫፉ ከልጁ አፍንጫ ሥር ያድራል። ልጁ ሌሊቱን ሲያስነጥስና ሲታፈን ካደረ ጠዋት «ብርድ መታው» ይባላል። ድመቷ መኝታ ቤቱን በእግሯ ሳትረግጠው ጋቢው ተሸክሟት ገብቷል።

አለርጂ ያለበት ሰው ያለበት ቤተሰብ እንስሳ ሊያመጣ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማያስነጥሰው ዘር የቱ ነው?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት ቀድሞ መጠየቅ ያለበት እንስሳው የት እንደሚያድር ነው። ለሰሜን ሸዋ ቤት ደግሞ ይህ ጥያቄ ከሌላው አገር ይልቅ ይመቻል፤ ውሻው ከደጅ፣ በጉ ከጋጣ፣ ድመቷ ከጎታው አጠገብ መዋል የለመደበት አገር ነውና።

ብዙ ሰው ጥፋተኛው ፀጉሩ ይመስለዋል። ድመት ላይ ዋናው ቀስቃሽ ፌል ዲ 1 የተባለ ፕሮቲን ነው። የሚመነጨው ከምራቋና ከቆዳዋ የቅባት ዕጢዎች ነው። ስትልስ ፀጉሯ ላይ ትቀባዋለች፤ ሲደርቅ ከፎረፎሯ ጋር ይበናል። ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ተራ አቧራ ቶሎ መሬት አይወርድም፤ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ከዚያም ግድግዳና ጨርቅ ላይ ይጣበቃል። ድመት ረግጣው የማታውቅ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ እንኳ የሚገኘው ድመት ያላቸው ልጆች በልብሳቸው እያመጡት ነው። ስለዚህ «ይቺ እኮ ፀጉረ አጭር ናት» ማለት ብዙም አያድንም።

ውሻም ላይ ነገሩ ያው ነው። አለርጂ አያስነሱም እየተባሉ በውድ የሚሸጡ ፀጉረ ጥቅልል ዘሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እነዚህ ውሾች ባሉበት ቤትና ሌላ ዓይነት ውሻ ባለበት ቤት መካከል የአለርጂ ፕሮቲን መጠን ልዩነት አላገኘም። በ2012 የወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት ጭራሽ በእነዚህኛዎቹ ፀጉር ላይ የበለጠ አገኘ። ለስሙ ብሎ ገንዘብ የሚጨምር ሰው ገንዘቡን ለጥሩ የውሻ ቤትና ለክትባት ቢያውለው ይሻለዋል።

እንስሳ ከመምረጥም፣ ያለውን ከማባረርም በፊት ግን የሚያሳምመው በእርግጥ እንስሳው መሆኑ መጣራት አለበት። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ድመት በሐሰት ክስ ተባሯልና።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጭስ ነው። በደጋው ማገዶ እንጨት ብርቅ ነው፤ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። የኩበት ጭስ የመተንፈሻ ቧንቧን ይቆጣል፤ የተቆጣ ቧንቧ ደግሞ በትንሽ ነገር ይጠባል። ጭስ ለብቻው ዓይን ያቀላል፣ ያስለቅሳል፣ ያስላል፤ ይህን ለማድረግ ድመት አያስፈልገውም። ሁለተኛው አውድማ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ገብሱና ስንዴው ሲወቃ፣ እብቁ በነፋስ ሲነሳ፣ ጭዱ ሲከመር ብዙ ሰው ያስነጥሳል። በዚያው ሰሞን ድመቷ ጭዱ ውስጥ ተኝታ ውላ አቧራውን ለብሳ ትገባለች፤ ልጁ አቅፏት ሲያስነጥስ ጥፋቱ የእሷ ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ቁንጫ ነው። «ድመቷን ከነካሁ ቆዳዬ ሽፍ ይላል» የሚል ሰው መጀመሪያ እግሩን ይመልከት። የቁንጫ ንክሻ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት፣ ከዚያም መቀነት በሚታሰርበት ወገብ ዙሪያ፣ ሦስት አራት ሆኖ ተጠጋግቶ ይወጣል፤ እያንዳንዱ እብጠት መሀሉ ላይ ነጥብ አለው። ትንንሽ ልጆች ላይ እብጠቱ ለሳምንታት ይቆያል፤ አንድ አዲስ ንክሻ ሲመጣ የቆዩትም አብረው ያሳክካሉ። የእንስሳ አለርጂ ግን ባመዛኙ የዓይን፣ የአፍንጫና የደረት ነገር ነው፤ ቆዳ ላይ ከወጣም እንስሳው የላሰው ወይም የቧጨረው ቦታ ላይ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳና በሰዓታት ይጠፋል።

ቁንጫ ከሆነ ድመቷን ማባረር ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል፤ ደም የምታገኝባት ስትጠፋ ቁንጫዋ ወደ ሰው ትዞራለች። አብዛኛው ዕድሜዋ የሚያልፈው በእንቁላልና በትል መልክ በወለሉ አቧራ፣ በመደቡ ስንጥቅና በአጎዛው ሥር ነው። ስለዚህ ድመቷን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። የአፈር ወለል ከሆነ ውሃ አርከፍክፎ መጥረግና በእበት መለቅለቅ፣ አጎዛውንና ባናውን በጠራ ፀሐይ ማስጣት፣ ይህንኑ በየሳምንቱ ቢያንስ ለአንድ ወር መደጋገም ያስፈልጋል፤ በሙሽሬነት ያለችው ቁንጫ መድኃኒቱን አሳልፋ ከሳምንታት በኋላ ትፈለፈላለችና። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ወይም የከብት መድኃኒት ድመት ላይ አይደረግም። ድመት ጉበቷ አያጣራውም፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ትሞታለች።

ለማጣራት ደብተር በቂ ነው። ለሁለት ሳምንት ሰውየው ሲያስነጥስ፣ ዓይኑ ሲያሳክክ ወይም ደረቱ ሲያፍን ሰዓቱን፣ የነበረበትን ቦታና በዚያ ሰዓት የነበረውን ነገር ይጻፍ፤ ጭስ፣ አውድማ፣ እጣን፣ በርበሬ ሲቆላ፣ ድመት ሲታቀፍ። ከእንስሳው ጋር በተገናኘ በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተነሳ፣ ሌላ ቦታ ጥቂት ቀን ሲያድር ከቀለለ፣ ሲመለስ ከተነሳ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። ድመት ለዓመታት አብራው ለኖረች ሰው ግን ምልክቱ እንዲህ ጎልቶ አይታይም፤ ሁልጊዜ የታፈነ አፍንጫ ሆኖ ይቀራል። ያኔ የቆዳ ምርመራ ይጠቅማል። ክንድ ላይ የተለያዩ ቀስቃሾች ጠብታ ይደረግና ቆዳው በስሱ ይወጋል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተጠብቆ ይለካል። ቀስቃሽ ከሌለበት ባዶ ጠብታ 3 ሚሊ ሜትር የበለጠ እብጠት እንደ አዎንታዊ ይያዛል። እንደ ሴትሪዚን ያለ የአለርጂ ክኒን ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቀደም ብሎ መቆም አለበት፤ አለዚያ ውጤቱ ይዋሻል። የት እንደሚሠራ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አዎንታዊ ውጤት ብቻውን ግን ፍርድ አይደለም፤ ደብተሩና ምርመራው ሲስማሙ ነው ነገሩ የሚያዘው።

አሁን ወደ ምርጫው። እንስሳ ገና ያልገባበት ቤት ከሆነ ከሁሉም የሚበልጠው ሙከራ ድመት ወይም ውሻ ያለበት ጎረቤት ቤት መዋል ነው። ከክኒን ነጻ ሆኖ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ቢያንስ አንድ ሰዓት። መጀመሪያ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ማቀፍና መዳሰስ። ወደ ቤት ሲመለሱ ልብስ መቀየር፤ ካልተቀየረ ሙከራው አልጋ ውስጥ ይቀጥላል። የሚጻፈው እዚያው የተሰማው ብቻ አይደለም፤ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ዘግይቶ የሚመጣ መታፈን አለና ማታም ይጻፍ።

ሙከራው የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በትንሽ ድመት ሲሞከር ነው። ግልገሏ ገና ብዙ ፕሮቲን አታመነጭም፤ ልጁ አቅፏት ምንም ሳይሆን ቀርቶ ደስ ይላል፣ ከመንፈቅ በኋላ አድጋ ስትመጣ ማስነጠሱ ይጀምራል። ሁለተኛው አንድ ቀን ሞክሮ መፍረድ ነው። ሰውነት ለአዲስ ነገር አለርጂ እስኪያወጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ከጉብኝቱ በኋላ ባለቤቱ መልሶ ሊቀበል ተስማምቶ፣ አድጋ የጨረሰች ድመት ለሦስት አራት ሳምንት መዋስ ይመረጣል።

አስም ላለበት ሰው ይህ ሙከራ በቤተሰብ ውሳኔ ብቻ አይደረግም። እኛ ዘንድ «ብሮንካይት» እየተባለ በየክረምቱ የሚመላለሰው በሽታ ሲመረመር ብዙ ጊዜ አስም ሆኖ ይገኛል። ሐኪም ይጠየቅ፤ የሚነፋው የአስም መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ ደረት ማፏጨት ከጀመረ ሙከራው አልቋል፣ መልሱም ታውቋል። አስሙ ያልተረጋጋ፣ ሌሊት የሚያስነሳ ወይም ሆስፒታል ያስተኛ ከሆነ ፀጉርም ላባም ያለው እንስሳ ቤት ውስጥ አይግባ። በዚህ ላይ የማላላው ነገር የለኝም።

ድመትን እንውሰድ። ለገበሬ ቤት ድመት መጫወቻ አይደለችም፤ የጎታው ጠባቂ ናት። ብትወጣ አይጥ ይገባል፤ የአይጥ ሽንት ደግሞ ራሱ ጠንካራ አለርጂና አስም ቀስቃሽ ነው። «ድመቷ ትውጣ» ብሎ ያዘዘ ሰው ይህን ካላሰበ አንዱን ችግር በሌላ ለወጠ ማለት ነው። መፍትሔው ድመቷን ከመኝታው ማራቅና ከእህሉ ማቅረብ ነው። ማድ ቤት ወይም ጎተራው ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጭድ ያለበት ሣጥን ይዘጋጅላት፤ ብርዱ ለብቻዋ አይገድላትም፤ ማታ ማታ ሞቅ ያለ ምግብ እዚያው ይሰጣት። ምግቧ ባለበት ታድራለች።

በር መዝጋት ግን በሸዋ ቤት እንደሚወራው ቀላል አይደለም። በብዙ ቤት ክፍሉን ከክፍል የሚለየው ግድግዳ ጣሪያ ላይ አይደርስም። በሩ ተዘግቶ ድመቷ በግድግዳው አናት ትገባለች፤ እሷ ባትገባ አየሩ ይገባል። ክፍተቱ በኮርኒስ ይደፈን፤ አቅም ከሌለ ተሰፍቶ የተወጠረ ማዳበሪያ ጆንያ ይበቃል። ጆንያው ከአቡጀዴ የሚሻለው በእርጥብ ጨርቅ ስለሚወለወል ነው። ድመቷን በቁጣ አሠልጥኖ ከአልጋ ለማራቅ መሞከር ድካም ነው፤ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ። የሚያዋጣው የተዘጋ በርና የተደፈነ ክፍተት ነው።

ከዚያ ጋቢው። የቀንና የሌሊት ጋቢ ይለያዩ። የሌሊቱ ከመኝታ ቤት አይውጣ፤ የቀኑ ሳሎን ሚስማር ላይ ይሰቀል እንጂ አልጋ አይንካ። ፕሮቲኑ በሳሙና ውሃ ይለቃል፤ ስለዚህ አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ፣ የሌሊቱ ጋቢ ቢያንስ በወር አንዴ ይታጠብ። ባና፣ በርኖስና አጎዛ ለማጠብ ስለማይመቹ ከአለርጂተኛው አልጋ ቢርቁ ነው የሚሻለው። የመንዝ ሱፍ ሙቀቱ የሚታወቅ ቢሆንም አቧራና ብናኝ አጥብቆ ይይዛል።

የወንድና የሴት ልዩነትም አለ። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ከሴቷም ከተኮላሸውም የበለጠ ፌል ዲ 1 ያመነጫል። ስለዚህ ምርጫ ካለ ሴት፣ ወይም በእንስሳት ሐኪም የተኮላሸ ወንድ። ሙክት በግ እንደሚቀጠቀጠው በቤት ዘዴ አይሞከር፤ ድመት በማደንዘዣና በቀዶ ጥገና ነው። ድመት ማጠብስ? ይቀንሳል፤ ግን በሳምንት ገደማ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ሰውየውም ተቧጭሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጭ አገር ለገበያ የቀረበ፣ ከእንቁላል የተገኘ፣ ፌል ዲ 1ን የሚያከሽፍ ፀረ-አካል ያለበት የድመት ምግብ አለ፤ አምራቹ ባወጣው ጥናት ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ፀጉሯ ላይ ያለውን ቀስቃሽ በአማካይ 47 በመቶ ቀንሷል። ጥሩ ግኝት ነው፤ የእንጀራ ፍርፋሪና አይጥ ለምትበላ ድመት ግን ሩቅ ነው።

ውሻ በደጋው ባህል ከቤት ውጭ መሆኑ ለአለርጂተኛ ትልቅ እድል ነው። ግቢ ውስጥ የሚያድር፣ ልጁ በደጅ የሚጫወትበትና ከዚያ እጁንና ፊቱን የሚታጠብበት ውሻ ቀላል አለርጂ ያለበት ሰው ባለበት ቤት ብዙ ጊዜ ይቻላል። የውሻው ቤት ከመኝታ ቤቱ መስኮት ራቅ ይበል፤ ጀርባውን ነፋስ ወደሚመጣበት ይስጥ፣ ወለሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ከታች ነው የሚገባው። ማበጠር ውጭ ነው፤ የሚያበጥረውም አለርጂ የሌለበት ሰው ይሁን።

ውሻ ቤት ውስጥ ካለ ፕሮቲኑን ዝቅ አድርጎ ለማቆየት በሳምንት ሁለት ጊዜ መታጠብ አለበት። ይህን የሚመክር ሰው ደብረ ብርሃንን በኅዳር አላየም። ከ2,800 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ይነጣል። የሚታጠብ ከሆነ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ፀሐይ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ እስኪደርቅ ተጠብቆ። ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው፣ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነውና፣ ይህ አያስጨንቀውም፤ እሱ የሚጨነቀው በመዥገር ነው።

ውሻ ላይ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ካን ኤፍ 5 የተባለው ፕሮቲን የሚመነጨው ከወንድ ውሻ ፕሮስቴት ዕጢ ነው። ለእሱ ብቻ አለርጂ የሆኑ ሰዎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች ሴት ውሻ ላትነካቸው ትችላለች። እኛ ግን ሴት ቡችላ «ትወልዳለች» ተብላ የምትጣልበት አገር ነን። ወንዱ ሲያስነጥሳቸው ሴቷ የማታስነጥሳቸው ሰዎች ካጋጠሟችሁ ሰበቡ ይህ ሊሆን ይችላል፤ በሙከራው ጊዜ ሁለቱንም ጾታ ሞክሩ።

አለርጂው ቢቀር የማይቀረው ነገር ክትባት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዚያ በየዓመቱ። የነከሰ ውሻ ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ። የጓሳ አካባቢ ነዋሪ ከሆናችሁ ክትባቱ ቀይ ቀበሮውንም ይጠብቃል፤ በሽታው ከመንደር ውሻ ነው የሚጋባበት። በግ ሲታረድም ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አይጣል።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ዶሮ ቆጥ ላይ ቤት ውስጥ ካደረች የላባና የኩስ ብናኙ ሌሊቱን ሙሉ ከሰው ጋር ነው፤ ከቤት ውጭ ቆጥ ይሠራላት። እርግብም እንዲያው ነው፤ ብዛት ያላቸው እርግቦች ኩስና ላባ ለረጅም ጊዜ መተንፈስ ሳንባን ራሱን የሚጎዳ ሌላ ሕመም ያመጣል። ጥንቸል «ትንሽ ናት» ተብላ ትገዛለች፤ ሽንቷና ምራቋ ግን ቀስቃሽ ነው፣ የምትበላው ድርቆሽ ደግሞ ሌላ አቧራ ነው። የመንዝ በግ ግልገል ለልጅ ጓደኛ ብትሆን አልቃወምም፤ ውሎዋ ሜዳ፣ አዳሯ ጋጣ ነው። ፋሲካ ሲመጣ የሚለቀሰው ልቅሶ ግን የአለርጂ አይደለም። ኤሊ ፎረፎር የላትም፤ ነገር ግን ሳልሞኔላ የተባለውን የሆድ በሽታ ባክቴሪያ ትሸከማለች፣ ከዱር ተይዛ መምጣቷም ልክ አይደለም።

ከባድ አለርጂ ላለበት ቤት የሚቀረው ዓሣ ነው። ለደጋው የሚስማማው ወርቃማው ዓሣ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚወድ ማሞቂያ አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋም እንደ ሞቃት አገር ዓሦች ወዲያው አይጎዳም። ሰው የሚሳሳተው በክብ ብርጭቆ ውስጥ ሲያኖረው ነው። ለአንድ ዓሣ ቢያንስ 40 ሊትር፣ ቢቻል ከዚያ በላይ። የቧንቧ ውሃ ክሎሩ እንዲወጣ በክፍት ባልዲ 24 ሰዓት ይቀመጥ። ማጣሪያው ከገባ በኋላ የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ምግብ ይቀነስ፣ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሩቡን መቀየር ይበቃል፤ ሁሉንም በአንዴ መቀየር የውሃውን ጠባይ በድንገት ስለሚለውጥ ዓሣውን ሊገድል ይችላል። ምግቡ ደግሞ የደረቀ ቀይ ትል ካለበት ተጠንቀቁ፤ ብናኙ ራሱ አለርጂ ያስነሳል።

መድኃኒት ድመት ለማቆየት መሣሪያ ሆኖ ሲወሰድ አይቼ አልወደውም፤ ቀላል አፍንጫና ዓይን ብቻ ከሆነ ግን በሐኪም የታዘዘ የአፍንጫ መርጫና ክኒን ከቤቱ አደረጃጀት ጋር ሲደመር ብዙ ቤት ያስታርቃል።

እንስሳው መውጣት ካለበት ደግሞ ወዲያው ለውጥ አትጠብቁ። ድመት ከቤት ከወጣች በኋላ ፕሮቲኗ ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ቤተሰቡ በሁለት ሳምንት «አልተሻለውም፣ ድመቷ አይደለችም» ብሎ መልሶ ያመጣታል። ግድግዳው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፣ የቀለም ዕድሳቱም ሳይዘገይ ይደረግ፤ ፍራሽ በፕላስቲክ ይሸፈን፤ መጥረግ ሁልጊዜ ውሃ ረጭቶ ይሁን፣ አለርጂ ያለበት ሰው ሲጠረግ ውጭ ይቆይ። የምትሰጠውም ሩቅ ላለ ሰው ይሁን፤ ለቅርብ ጎረቤት የተሰጠች ድመት በሦስተኛው ቀን በጣሪያው ትመለሳለች፣ ወርዳም የለመደችው ጋቢ ላይ ትተኛለች።